ሰብሳቢው ይሹም ወይስ ጉባኤው ይምረጥ? ከካቢኔ ዓይነቶች ለነዋሪዎች ማኅበር የሚስማማውን መለያ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጠብ ይመሳሰላል። የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል፤ የጥበቃዎቹ ደመወዝ ዘግይቷል። ኮሚቴው «ሰብሳቢው ሳይፈቅድ ምን እናድርግ?» ይላል። ሰብሳቢው «ኮሚቴው መቼ ተሰብስቦልኝ!» ይላል። ነዋሪው የሰዎቹን ጠባይ ይወቅሳል። ደንቡን ገልጦ ያየ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው። ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ የሚል ዝርዝር አለ፤ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነና ማን ማንን እንደሚያነሳ አልተጻፈም።

ይኸው ጥያቄ በአገር ደረጃ የጠቅላይ ሚኒስትርና የካቢኔ ጥያቄ ነው። የተለያዩ አገሮች ለየቅል መልሰውታል፤ የትኛው መልስ የት እንደሚሰበር በተግባር ታይቷል። ስለዚህ ደንብ ለማርቀቅ የተቀመጠ ኮሚቴ ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም። ከእነዚህ መልሶች አንዱን መርጦ በልኩ መቁረጥ ይችላል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር እናንሳ። በእኛ አገር «ካቢኔ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወረዳው ወይም ከተማው ነው። ሕገ መንግሥቱ በፌዴራል ደረጃ የሚጠቀምበት ስም «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ነው፤ የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ደግሞ በከንቲባው ስለሚመራው የከተማው ካቢኔ ይናገራል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ በአንድ ሰው ሰብሳቢነት በጋራ የሚወስን የአስፈጻሚዎች ቡድን ነው።

ማንኛውንም ዓይነት ስትመዝኑ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አባላቱን ማን ያስገባል? ማን ያስወጣል? አጀንዳውንና ቃለ ጉባኤውን ማን ይይዛል? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይንቀዋል። አጀንዳ የሚይዘው ሰው ግን ያልፈለገውን ጉዳይ «ለሚቀጥለው ይደር» እያለ ዓመት ሊያቆየው ይችላል፤ ለዚህ ድምፅ መቁጠር እንኳን አያስፈልገውም።

አንደኛው ዓይነት፦ ሰብሳቢው ያቀርባል፣ ጉባኤው ያጸድቃል

የኢትዮጵያ ሥርዓት ይህ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። አንቀጽ 74 የሚኒስትሮችን ዕጩዎች የማቅረብ ሥልጣን ለእርሱ ሰጥቶ ሹመቱን ምክር ቤቱ እንዲያጸድቀው ያደርጋል። ዕጩዎቹ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሙያ ብቃት ካላቸው የውጭ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ መስከረም 26 ቀን 2014 የ22 ሚኒስትሮች ሹመት በአንድ ቀን ቀርቦ ጸድቋል።

ለማኅበር ይህ «ከውጭም ይቻላል» የሚለው ነገር ወርቅ ነው። በግቢው ውስጥ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ቦርድ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ተከራይ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለው ደንባችሁ «የቤት ባለቤት ብቻ» ብሎ በሩን አይዝጋበት።

የተጠሪነቱ አደረጃጀት ደግሞ ከመጀመሪያ ንባብ በላይ ብልሃት አለበት። በአንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ነው፤ በሚወስናቸው ውሳኔዎች ግን ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ነው። አንቀጽ 72 አባላቱ በጋራ ለወሰኑት በጋራ ይጠየቃሉ ይላል። ወደ ግቢያችሁ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፤ የጥበቃ ኃላፊው ዛሬ ማታ ጥበቃው ለምን እንዳልመጣ ለሰብሳቢው ይመልሳል። ወርሃዊ መዋጮው ለምን እንደጨመረ ግን እርሱም ሆነ ሌሎቹ ለጉባኤው በጋራ ይመልሳሉ። «እኔ ጥበቃ ነኝ፣ መዋጮ አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም።

ጉድለቱ ሁለት ቦታ ነው። አንቀጽ 74 ሹመትን በዝርዝር ሲጽፍ አንድን ሚኒስትር ስለ ማንሳት ግን በግልጽ የሚለው የለም። በአገር ደረጃ ልማዱና የፓርቲው ሥርዓት ይህን ይሞላዋል፤ በማኅበር ደረጃ የሚሞላው ነገር ስለሌለ ራሳችሁ ጻፉት። «ሰብሳቢው የኮሚቴ አባልን በጽሑፍ ምክንያት ማገድ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ተተኪ ለጉባኤ ካላቀረበ እገዳው ይነሳል» ብትሉ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉድለት ጉባኤው ላይ ይታያል። ዝርዝሩ ሲመሽ፣ ሰው ሊበተን ሲል ይነበባል፤ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ጸደቀ ይባላል። ይህ ማጽደቅ አይደለም። የዕጩዎቹ ስምና የሚይዙት ሥራ ከጉባኤው 7 ቀን በፊት በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ፤ ድምፅም በየአንዳንዱ ስም ይሰጥ።

ሰብሳቢ ቡድኑን ራሱ ካልመረጠ ምን እንደሚሆን ለማየት የራሳችን ታሪክ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙ እያንዳንዱ ሚኒስትር የሚጠይቀው ንጉሠ ነገሥቱን ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው ከቆዩ በኋላ የሚኒስትሮቻቸውን ዕጩዎች የማቅረብ ሥልጣን ያገኙት በ1958 ዓ.ም ነው። ያኔም የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ ነበር። ቡድኑን ሌላ ሰው እየመረጠለት ውጤቱን ከእርሱ የሚጠብቁበት ሰብሳቢ ዛሬም በየሰፈሩ አለ።

ሁለተኛው ዓይነት፦ ሰብሳቢው ብቻውን ይመርጣል፣ ቡድኑ በአንድ ድምፅ ይናገራል

ብሪታንያ ውስጥ ሚኒስትሮችን በስም የሚሾመው ንጉሡ ነው፤ የሚመርጣቸው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፓርላማው በየሚኒስትሩ ላይ የማጽደቂያ ድምፅ አይሰጥም። አብዛኛው ሥርዓት የቆመው በልማድ ላይ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉን አድራጊ ይመስላል። ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 ሚኒስትሮቻቸውን አንድ በአንድ ሲያነጋግሩ አብዛኞቹ በፓርቲ መሪነት ውድድሩ እንደማያሸንፉ ነገሯቸው፤ በማግስቱ ከውድድሩ መውጣታቸውን አስታወቁ። ቦሪስ ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ50 በላይ ሚኒስትሮችና ረዳቶች ጥለዋቸው ሲወጡ መልቀቂያ ለማስታወቅ ተገደዱ። የመረጣቸው ሰው ሊያባርራቸው ይችላል፤ እነርሱም በአንድነት ከወጡ እርሱ ወንበሩ ላይ አይቆይም።

ይህን ዓይነት ለማኅበር አንመክርም። ያልተጻፈ ልማድ የሚሠራው ልማዱን የሚያውቅና የሚያፍር ሰው ሲኖር ነው። በተከፈተ አምስት ዓመት ባልሞላው ሳይት ላይ ልማድ ገና አልበቀለም።

አንድ ነገራቸውን ግን ሳትወስዱ አትለፉ፤ የጋራ ኃላፊነት የሚሉትን። ውስጥ ተከራከር፣ ከተወሰነ በኋላ ግን ደግፍ ወይም ልቀቅ ማለት ነው። ሮቢን ኩክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 የኢራቅን ጦርነት መደገፍ ስላልቻሉ ከካቢኔው ለቀቁ፤ ለፓርላማው ምክንያታቸውን የተናገሩትም ከለቀቁ በኋላ ነው። በእኛ ግቢ የዚህ ተቃራኒ በየሳምንቱ ይታያል። ኮሚቴው መዋጮው እንዲጨምር ይወስናል፤ ማታ አንዱ አባል የግቢው ቴሌግራም ላይ ገብቶ «እኔ እንኳን ተቃውሜ ነበር» ይጽፋል። በማግስቱ ግማሹ ነዋሪ መክፈል ያቆማል። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን ቃለ ጉባኤው ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር በደንቡ ይግባ፦ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል በቃለ ጉባኤ ያስመዘግባል። ውሳኔውን በአደባባይ የሚቃወም ከሆነ አስቀድሞ ከኮሚቴው ይለቃል።

ልዩ ሁኔታም ይፈቀዳል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ2016 ስለ አውሮፓ ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ ሚኒስትሮቹ በተቃራኒ ወገን እንዲቀሰቅሱ ተፈቅዶ ነበር። እናንተም ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ከተመራ አባላቱ ነጻ ይሁኑ ማለት ትችላላችሁ። ፈቃዱ ግን ከድምፁ በፊት ይሰጥ እንጂ በኋላ የሚፈለሰፍ አይሁን።

ሦስተኛው ዓይነት፦ ተተኪ ሳይዙ ማውረድ የለም

ጀርመን ውስጥ ፓርላማው የሚመርጠው መራሔ መንግሥቱን ብቻ ነው፤ ሚኒስትሮቹን የሚያቀርበው እርሱ፣ የሚሾማቸው ፕሬዚዳንቱ ነው። እዚህ የሚጠቅመን የሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 65 ነው፤ ሥራውን በሦስት እርከን ይከፍለዋል። አጠቃላይ አቅጣጫውን መራሔ መንግሥቱ ያስቀምጣል። በዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ሚኒስትር መሥሪያ ቤቱን በራሱ ኃላፊነት ይመራል። ሁለት ሚኒስትሮች ሲለያዩ ደግሞ ካቢኔው በጋራ ይወስናል።

ይህን ወደ ግቢ መልሱት። ሰብሳቢው «ዘንድሮ ቅድሚያ ለውሃ ነው» ማለት ይችላል። የጽዳት ኃላፊው የትኛዋ ሠራተኛ የትኛውን ብሎክ እንደምትጠርግ ሰብሳቢውን መጠየቅ የለበትም። የጥበቃ ኃላፊው ለሌሊት ጥበቃ፣ የውሃ ኃላፊው ለተጨማሪ ሮቶ ያንኑ ገንዘብ ሲፈልጉ ግን የሚዳኘው ሰብሳቢው ብቻውን ሳይሆን ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢ በየትንሹ ነገር የሚጠራበት ግቢ ላይ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው እርከን ነው።

ሁለተኛው ትምህርታቸው አንቀጽ 67 ነው። መራሔ መንግሥቱን ማውረድ የሚቻለው በዚያው ድምፅ ተተኪውን በመምረጥ ብቻ ነው፤ ጥያቄው ከቀረበ በኋላም ድምፅ እስኪሰጥ 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። ምክንያቱ የቀድሞው ሪፐብሊካቸው ተሞክሮ ነው፤ ፓርቲዎቹ ለማፍረስ ይስማሙ ነበር፣ ለመሥራት ግን አይስማሙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ይህ ሲሞከር በሁለት ድምፅ ከሸፈ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1982 ሄልሙት ኮል በሄልሙት ሽሚት ቦታ የተተኩት ግን በዚህ መንገድ ነው።

«ኮሚቴው ይውረድ!» ተብሎ በጭብጨባ ወርዶ ማኅተሙ በአንዱ ኪስ፣ ቼኩ በሌላው ቤት፣ ሥራው በማንም እጅ ሳይሆን ወራት የቀረበትን ግቢ የሚያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ ይወደዋል። «ሰብሳቢን የማውረድ ጥያቄ የተተኪውን ስም ይዞ ካልቀረበ አይታይም፤ በቀረበ በ3ኛው ቀን ድምፅ ይሰጥበታል» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በገንዘብ ምዝበራ ለተጠረጠረ ሰው ተተኪ እስኪገኝ አይጠበቅም። ለዚያ የፊርማ ሥልጣኑን ወዲያው የሚያግድ የተለየ አንቀጽ ያስፈልጋል።

አራተኛው ዓይነት፦ እኩዮች በተራ ይሰበስባሉ

ስዊዘርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የላትም። የፌዴራል ምክር ቤቷ 7 አባላት አሉት፤ 246 አባላት ያሉት ፓርላማ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ለ4 ዓመት ይመርጣቸዋል። ሰባቱን መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ይከፋፈላሉ። ፕሬዚዳንትነቱ ለአንድ ዓመት ሲሆን በዚያ ዓመት ስብሰባ ይመራል፣ የራሱን መሥሪያ ቤትም ይሠራል፤ ባልንጀራውን ግን ማባረር አይችልም። ፓርላማውም በዘመኑ መካከል በመተማመኛ ድምፅ አያወርዳቸውም። ከ1848 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳግም ሲወዳደሩ የተሸነፉት አራት ብቻ ናቸው።

ትንሽ ማኅበር፣ ሁለት ሦስት ብሎክ ብቻ ያለው፣ ይህን ቢመርጥ አይቆጭም። ሰብሳቢነቱ ሸክም በሆነበትና «እኔ ልሁን» የሚል በማይገኝበት ግቢ በተራ መሆኑ ያቀለዋል። ለእድር ልማድም ቅርብ ነው። የሚሰበረው አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ነው፤ ሰባት እኩዮች ሌሊት ፓምፕ ሲቃጠል ማን ይደውል? ስለዚህ ተራው የደረሰው ሰው የተወሰነ ገንዘብ ብቻውን የማዘዝ ፈቃድ ይኑረው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰኙን ያቅርብ።

አትቀላቅሉት

በስብሰባ ላይ ሁሉን ለማስደሰት የሚቀርብ አንድ ሐሳብ አለ፤ «ሰብሳቢውን ነዋሪው በቀጥታ ይምረጥ፣ የኮሚቴ አባላቱን ደግሞ እያንዳንዱ ብሎክ ይላክ» የሚል። ጆሮ ይስባል። እስራኤል የሚመስለውን ነገር ሞክራ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሆነ፤ ካቢኔው ግን የፓርላማው ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። በ1996፣ በ1999 እና በ2001 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ተመረጠ። መራጩ አንዱን ድምፅ ለመሪው፣ ሌላውን ለሚወደው ትንሽ ፓርቲ ሰጠ፤ ፓርላማው ተበታተነ፤ መሪው ቡድን ለማቆየት የባሰ መደራደር ገባ። ሕጉ በ2001 ተሻረ። በግቢም ይኸው ይሆናል፤ ሰብሳቢው «የመረጠኝ ሕዝቡ ነው» ይላል፣ አባሉ «የላከኝ ብሎኬ ነው» ይላል። የብሎክ ውክልና ከፈለጋችሁ የብሎክ ተወካዮች ራሳቸው ጉባኤ ይሁኑ፤ ሰብሳቢውን እነርሱ ይምረጡ፣ ሰብሳቢው ቡድኑን ያቅርብላቸው።

የቱ ለማን

ከ100 ቤት በታች ከሆናችሁና የምትተዋወቁ ከሆነ አራተኛውን ውሰዱ። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ ተቀጣሪ ጥበቃና ጽዳት ካላችሁ፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃ የምታከራዩ ከሆነ አንደኛውን ያዙ፤ የሥራ ክፍፍሉንና የማውረጃውን አንቀጽ ከሦስተኛው ተበደሩ። ቁጥሩን 5፣ 7 ወይም 9 አድርጉት። ከ9 በላይ የሆነ ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ ለማሟላት ሲለምን ይኖራል። ከማጽደቃችሁ በፊት ማኅበሩን የሚመዘግበው ቢሮ፣ ሰፈራችሁ በአዲስ አበባም ሆነ በሸገር ከተማ ሥር ቢሆን፣ የሚያስገድደው ናሙና ደንብ እንዳለ ጠይቁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሕገ መንግሥቱ ልትቀዱት የሚገባ ሦስት ነገር አለ፤ ልትቀዱት የማይገባ አንድ ነገርም አለ።

የመጀመሪያው ድንገተኛ ሥልጣን ነው። በአንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊደነግግ ይችላል። ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ አቅርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማስጸደቅ አለበት። ቢጸድቅም ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ማራዘሚያው በአራት አራት ወር ነው። የእናንተ ደንብ «ኮሚቴው በአስቸኳይ ጊዜ ከተፈቀደለት በላይ ማውጣት ይችላል» ብሎ ከቆመ ግማሹን ብቻ ቀድቷል። የማቅረቢያው ቀንና የማብቂያው ቀን ይጻፍ።

ሁለተኛው የዘመን ማብቂያ ነው። በአንቀጽ 60 ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ ሕግ ማውጣትም ሆነ ነባሩን ማሻሻል አይችልም። ዘመኑ ያለፈበት ኮሚቴም ጥበቃ ይክፈል፣ መብራት ይክፈል፤ የጋራ ሕንፃውን ለረጅም ጊዜ ማከራየት ግን አይችል።

ሦስተኛው ምክትል ነው። በአንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌለበት ተክቶ ይሠራል። አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተክተው ቆዩ፤ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። «በሌለበት» ማለት ጉዞን፣ ሕመምንና ሞትን እኩል እንደሚሸፍን አንቀጹ አይዘረዝርም። እናንተ ዘርዝሩ፤ ምክትሉ እስከ ስንት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ በስንት ቀን ጉባኤ ይጠራል የሚለው ይጻፍ።

የማትቀዱት ነገር ኦዲተሩን ነው። በአገር ደረጃ የዋናው ኦዲተር ዕጩ የሚቀርበው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። በትልቅ መሥሪያ ቤት ይህን የሚያመዛዝን ሌላ ሕግና ሠራተኛ አለ። በግቢ ውስጥ ግን የሂሳብ መርማሪውን የሚያቀርበው ሰብሳቢው ከሆነ ተመርማሪው መርማሪውን መረጠ ማለት ነው። መርማሪውን ጉባኤው ራሱ ከመካከሉ ይምረጥ፤ ሪፖርቱንም በቀጥታ ለጉባኤው ያንብብ።

የባንክ ፊርማ በሦስት ሰው ስም ተመዝግቦ በማናቸውም ሁለቱ ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሰብሳቢ በተቀየረ ቁጥር ሂሳቡ የሚቆለፈው ባንኩ አዲሱን ቃለ ጉባኤ በማኅተም ስለሚጠይቅ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ በተሻረው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ማኅተሙን ጸሐፊው ይያዘው። ርክክቡ፣ ማለትም ማኅተም፣ ቼክ፣ የጥበቃዎች ውል፣ የፓምፕ ክፍል ቁልፍ፣ በተመራጮቹ ፊት በዚያው ጉባኤ ላይ ተቆጥሮ ይፈረምበት።